ድንበር ያለ ድንጋይ

ደብዳቤ አዳይ ነኝ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፤
ውሾቹ ሳይቀሩ መምጫዬን ያውቃሉ።
ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ከደቡብ ወደ ላይ
ደልማርን ስሻገር፣ ያው ቢሆንም ሰማይ፣
የዛፉ ጥላ ያልቃል። እዚያ ማዶ ፋኖሱ
በየበሩ ሲበራ፣ እዚህ ቤቶች አነሱ፤
የጡብ ሌባ ጭኗቸው። ደረጃው ከነቁጥሩ
ብቻውን ተገትሯል።
ደብዳቤ መጥቶለታል፤ የታለ ግን በሩ?

በየካቲት አጋማሽ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣
አንድ ቦርሳ ካርድ መጣ፣ የምርጫ ጣቢያ የሚገልጥ።
ለኧርነስቲን ቶሊቨር ቢጫው ደረሳቸው፤
ፊት ለፊት ያሉት ክሊቮን፣ ነጭ ነው ካርዳቸው።
ሠላሳ በረዶ በአንድ አካፋ ጠርገው፣
በአንድ ቤተክርስቲያን ጎን ለጎን ዘምረው፣
የመንገዱ ወገብ ድንበር ነው ተባለ፤
አካፋው ግን ዛሬም በረንዳው ላይ አለ።

ኧርነስቲን ጠየቁኝ መነጽር ፈልገው፦
«ማዶ ትምህርት ቤቱ አይደል የምመርጠው?»
«አይደለም፣ እማማ። ሁለት አውቶቡስ ነው።
ያኛው ትምህርት ቤት ነጭ ለያዘ ሰው ነው።»
ሳቁ እስኪያስላቸው። «አይ ልጄ፣ የኔ ሞኝ፣
ይሄንንማ ነገሩኝ፣ ሰባት ሳይሞላኝ።»

ካርታውን አየሁት፣ ከካርዱ ጀርባ፦
መስመሩ ከደልማር ተነስቶ ሲገባ
የተዘጋው ጫማ ፋብሪካ ጋ ይጠመዝዛል፤
የአንድ ሰው ግቢ ሊያቅፍ ክንዱን ይዘረጋል።
የማን ግቢ እንደሆነ አልናገርም።
ደብዳቤ አዳይ ነኝ።

በአባቶቼ አገር ድንበር የሚገፋ
ሌሊት ነው የሚወጣ፤ በድንጋይ ሲለፋ
ውሻ ያባንነዋል፤ ሲነጋ «ማል» ቢባል
በጥፍሩ ያለው አፈር ይመሰክርበታል።
የዚህኛው በቀን ነው፤ ከረባት አሳምሮ፣
ይነሣል ከወንበሩ በንጹሕ ጥፍር አስምሮ።
ድንጋይም አልተወ፣ በሌሊት ተነስተን
ወደ ቦታው እንዳንመልሰው ተሸክመን።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ንፋስ ከዝናብ ጋር፣
ኧርነስቲን ቆመው ዋሉ አውቶቡስ ሲጠባበቁ።
በማግስቱ አገኘኋቸው፣ አንገታቸው በሻርፕ ተጠምጥሞ።
«መረጡ?» አልኳቸው። ራስ ነቀነቁ፤
ጉሮሯቸውን ይዘው፣ በሹክሹክታ እየሳቁ፣
«ድምፄን ሰጠሁ፤ ይኸው፣ ባዶዬን መጣሁ» አሉኝ።

ክሊቮን ከማዶ ሾርባ በድስት ይዘው
ከደረጃው ወረዱ፤ መኪና እስኪያልፍ ቆሙ፤
ከዚያም ድንበሩን ተሻገሩት፣
ግራና ቀኝ አይተው።