በእርሳስ

ቦዬ ረግረግ ዳር፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
በላም ኮቴ ውሃ ፀሐይ ስታበራ፣
በነጩ ጭልፋዬ ጨለፍኩኝ አጎንብሼ፤
ሰባት የትንኝ እጭ፤ ቆጠርኩ ተመልሼ።
ጥላዬን ፈርተው ተጠማዘው ሰጠሙ፣
አየር ሲያጥራቸው ወጥተው ተጋደሙ።

ዘቢባ ከአጥሯ ሥር፣ ልጇን ታቅፋ፣
“ገድለህ ነው የምታኖር?” አለች።
                    መልሱ ጠፋ።

ልክ ናት። ገድዬ ነው የማኖራቸው፣
አልኮሉ እስኪዘልቅ እስከ ውስጥ ሥጋቸው፤
ዘረመሉ ሳይፈርስ፣ ፊደሉ ሳይበተን።

አምና በእስክርቢቶ ጻፍኩና
አልኮሉ ቀለሙን ጠጣው።
አርባ ብልቃጥ ስም አልባ ሆነ።
ተማም አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳ
“ከየት? መቼ?” አለኝ፤
ከዚያ ዝም ብሎ ደፋው።

ዘንድሮ በእርሳስ ነው።
ወረቀቱም ከእነሱ ጋር ይሰምጣል፤
እርሳስ አይሰክርም።
ነገ ጠዋት አልኮሉ ይቀየራል፣
ከዚያች ከምታህል ገላ የወጣ ውሃ ያቀጥነዋል።
ማታ መብራት ቢጠፋ፣ ፍሪዘሩ ቢያልበው፣
ብልቃጤ ግድ የለው፤ ማንንም አይለምን።

“ልጄን በወባ የጣለብኝ የየትኛዋ ዘር ነው?
ይሄ ይነግርሃል?”
“ለእኔ አይነግርም።
ለሚያነብ መሣሪያ፣ ምናልባት ለከርሞ።”
“እስከ ከርሞ ይቆያል?”

ብልቃጡን አቀበልኳት። ልጁም እጁን ሰደደ።
የቀረችኝ ወረቀት ከአውራ ጣት አትበልጥም፤
መስከረም አሥራ ሁለት፣ ኮቴ ሦስት ብዬ፣
እርሳሱን በጥርሴ ቀርጬ ጨመርኩበት፦
የዘቢባ ደጅ።