አንድ ሐሙስ የቀረው

በርገን ዝናብ አያልቅባትም።
ሰው ሁሉ ካፖርት ለባሽ፣ ሰው ሁሉ ቆብ ደፍቶ ሂያጅ፤
እኔ ግን በአሥራ አራት ዓመቴ
ሰማይ ሲጠቁር ደስ የሚለኝ፣ የደመና ወዳጅ።
ማንም አልጠየቀኝም
«ለምን ጃኬትህን አታወልቅም?» ብሎ፤
ዝናቡ ይመልስልኝ ነበር
ደጅ ቆሞ፣ ስለ እኔ ምሎ።

ነገሩ በግራ በኩል ጀመረ።
ከጡቴ ጫፍ ሥር አንዲት ፍሬ፣
የቴምር ዘር የምታህል፣
የቦርሳዬ ማንገቻ ሲነካት
እንደ እሳት የምታቃጥል።
ቀኙ በሁለተኛው ወር ተከተለ
እንደ ታናሽ ወንድም፣ «እኔስ?» እያለ።

ከዚያ ወዲያ መጉበጥ ተማርኩ፤
ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣
በጠባቧ ካናቴራ ላይ ሰፊዋን ደርቤ፣
ከመድኃኒት ሣጥን ፋሻ ሰርቄ
ጎድኔን እንደ ጭነት ጠፍሬ፣
ትንፋሼን ቆጥቤ።

ሐሙስ የዋና ቀን ነበር።
ሐሙስ ሐሙስ ሆዴን አመመኝ፤
ሐሙስ ሐሙስ ጆሮዬን።
አንድ ሐሙስ በቁሙ ቀበርኩት
ስታቫንገር ያለ አጎቴን።
(ደህና ነው፤ ዕድሜ ይስጠው።)
ሊሞት የተቃረበን ሰው
«አንድ ሐሙስ የቀረው» ይሉታል፤
እኔ በየሳምንቱ ነበር የሚቀረኝ።

ግንቦት ላይ ደመናው ከዳኝ።
ከተማው አበደ፣ ሸሚዝ ወለቀ፤
ሣሩ በነጭ ጀርባ ተጥለቀለቀ።
ስቬረ ኳስ እያንከባለለ
«የለበሰና ያወለቀ፣ ሁለት ቡድን!» አለ።
ዕጣዬ ካወለቁት ወጣ።
«ከለበሱት ልሁን።»
«ለምን?»
ዝናቡ እንዲመልስልኝ ሽቅብ አየሁ።
ሰማዩ ጥርት ብሎ ዝም አለኝ።

ዚፔን የሳበው ስቬረ ነው፤
እየሳቀ፤ ክፋት አልነበረውም።
ከኋላ ግን አንድ ቃል ሰማሁ፣
በኖርዌይኛ።
በአማርኛ አልጽፈውም፤
ከዚያው ከሣሩ ላይ ይቅር።

የትምህርት ቤቱ ነርስ፣ ቱሪል፣ በእርሳስ ሥዕል ሣለችልኝ።
«ሆርሞን ነው። ብዙ ወንዶች ጋ ይመጣል፤
ባብዛኛው ራሱ ይሄዳል።
ሁለት ዓመት ታገሥ» አለችኝ።
ሁለት ዓመት!
መቶ አራት ሐሙስ።

አባቴ የቀላል ባቡር ነጂ ነው።
ማታ ሲገባ ፋሻውን አገኘው
ከፍራሼ ሥር፣ ላብ ጠጥቶ ደርቆ።
ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠ
ነገሩን ሳይጠይቀኝ አውቆ።
«ድሬዳዋ» አለ፣
«በዚያ ሙቀት የወንድሜን የሱፍ ሹራብ ለብሼ
ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ።
'ምን ሆነሃል?' ሲሉኝ
'ወባ ነው፣ ይበርደኛል' አልኩ።
አንተስ ዝናብ አለህ።»

ያኔ ገባኝ፣
አብዶሽ የሚሉት ወዳጁ ስልክ በደወለ ቁጥር
ለምን «ወባው! እንዴት ነህ ወባው!» ብሎ እንደሚጀምር፤
አባቴም ለምን እንደሚስቅ
አንድ እጁን ደረቱ ላይ ጥሎ።

ፋሻውን ጠቀለለው፤ ወደ ሣጥኑ መለሰው።
«ለእግር ነው የተሠራው» አለ። ሌላ አልጨመረም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ዘነበ።
ዋኘሁ አልልም።
እስከ በሩ ሄጄ፣ ክሎሪኑን አሽትቼ፣
እንደ ደረቅኩ ተመለስኩ።
ሆዴን ግን አመመኝ አላልኩም፤
ሰውም አልቀበርኩ።

መቶ ሦስት ቀረኝ።