ሦስት ደቂቃ

ልጄ አሚሐይ ይላል፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ፦
«ይኼ ዘፋኝ ገነነ በሦስት ደቂቃ፤
አንተ ግን፣ አባዬ፣
ሃያ ዓመት ወልውለህ ማን አየህ? በቃ!»

መልስ አልሰጠሁትም። ከክርያት ጋት ወጣሁ፤
በሌሊት አውቶቡስ ሖሎን አዳራሽ ገባሁ።

ልጄ የሚያመልከው ያ ዘፋኝ፣ ብቻውን፣
ጫማውን አውልቆ፣
አንዲቷን ስንኝ ይዞ ይነሣል ይወድቃል፣
ድምፁ ተሰነጣጥቆ።
እኔ እወለውላለሁ፤
ላቡ ከኋላዬ ጠብ ጠብ ይላል።
«ይቅርታ አባባ፣» አለኝ በስብርባሪ አማርኛ፣
«ወለልህ ተበላሸ።»
«ግድ የለም፣ ልጄ፤ ላብ ነው፣» አልኩት፣ «በውሃ ይለቃል።»

ጎህ ሲቀድ ስመለስ አሚሐይ እንቅልፍ ወስዶት
ስልኩ ደረቱ ላይ ይዘፍናል፤
ያቺው ስንኝ ናት፣ ስንጥቅ የሌለባት።
በረኪና የሸተተ ጣቴን ዘርግቼ
ዝም አሰኘኋት።