የማክሰኞ እንቆቅልሽ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ዝናቡ ያካፋል፣
ከክሩ ጣቢያ ማዶ የሌት ባቡር ያልፋል።
እኔ ማይኩን ይዤ በርጩማ ላይ አለሁ፣
በጫማ ሳጥን ውስጥ ዓለምን ይዣለሁ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ በካርድ የጻፍኩት፣
ከጋዜጣ ጥግ ላይ ቀድጄ ያኖርኩት፣
ቢያውቁት ደሞዝ አይሆን፣ ባያውቁት አይጎዳ፣
ሥራ ፈት እውቀት ነው፣ የምሽት እንግዳ።

በሬ የለጠፈው ያ የጣሊያን መኪና
ትራክተር ነው ዘሩ፣ ሐረጉ ሲጠና።
ቅርጫት ኳስ ሲጀመር የኮክ ቅርጫት ነው፣
ኳስ በገባ ቁጥር መሰላል የሚያወርደው።
ኮቴው የፈረሱ፣ በፊልም የሚያንኳኳው፣
ሁለት የኮኮናት ቅርፊት ነው ሰው ሚመታው።
ድሮ ኦሎምፒክ ላይ ገመድ ይጎተታል፣
ለባለ ቅኔውም ሜዳሊያ ይሰጣል
(ይህችን ያገኘሁ ለት፣ ሳጥኔን ደፍቼ
ሳቅኩኝ ለብቻዬ በሌሊት ነቅቼ)።

መጡ እንግዲህ፦
ሃርጂንደር፣ ታክሲውን በር ላይ ያቆመ፣
የዋንጫ ጨዋታ ጎል የለቃቀመ፤
ኦስዊን፣ ጉርምስናው ፊቱን ያሳበጠው፣
የዘፋኝ ውሻ ስም አንድም የማያመልጠው፤
ሁለት ጥርስ ሐኪሞች፣ መንትያ እህትማቾች፣
መልስ ላይ ሲጣሉ ቢራ የሚያሞቁ ሴቶች፤
ከማሞቂያው ጥግ ደግሞ ለብቻዋ ግሌኒስ፣
በሁለት እጅ ይዛ ብርጭቆ ካፍ የምታደርስ።

እንቆቅልሽ! አልኩኝ። ምን አውቅልህ! አሉ።
አሥራ ዘጠነኛው፣ ከባዱ ከሁሉ፦
"የዚያ ውድ መኪና፣ ቆዳ የለበሰው
መሪው፣ ስንት ስፌት ዞሮ ነው የሚጨርሰው?"
እርሳስ ተንቀሳቀሰ። ሰው ጣራ ጣራ አየ።

ቁጥሩን እዚህ አልጽፍም፤ ካርዴ ላይ ይኑር።
ከዚያ ሁሉ ወረቀት
የግሌኒስ ብቻ ካርዴን በአንድ በለጠው።
ስህተት ነው፣ አልኩኝ፤ ቀይ መስመር ሳብኩበት።
በአንድ ነጥብ ተሸነፈች፤
ቆርቆሮ ብስኩቱን መንትዮቹ ወሰዱት።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት
የባሏን መጽሐፍ ያጠበችው ሴት
እንደኔ ማይክ ይዛ እንደሁ ማን ያውቃል?

ሰው ሲበተን መጣች። አልተቆጣችም።
"ያንተ ቁጥር ልክ ነው" አለች፣ "ለሚያየው።
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ሰፍቻለሁ፣
ሁለት መርፌ፣ አንድ ክር፣
የመጨረሻዋን ወደ ውስጥ መልሼ ከቆዳው ሥር ስቀብር
አንዲት ስፌት አለች፣ ለዓይን የማትታይ፤
እሷ ከሌለች ግን ያ ሁሉ የላይ የላይ
ይፈታል፣ በአንድ ክረምት።

እኔ አንድም ቀን አልነዳሁ፤ መንጃ ፈቃድ የለኝም።
በአውቶቡስ መጥቼ በአውቶቡስ ነው የገባሁ።
ግን የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ከተማ፣
ቀይ መብራት ሲይዘው
አውራ ጣቱ ሳያውቅ እሷ ላይ ያርፋል።"

እጇን ዘረጋችው።
ጣቶቿ ተጣመው መሪ የያዙ ይመስላሉ፣
ምንም ሳይዙ።

ዝም አልኩ። በሳጥኔ ውስጥ ይህ የለም።
"እንግዲህ ካላወቅህ" አለች፣ "አገር ስጠኝ።"
"ለንደንን?" አልኳት።
"ኪራዩ አይቀመስም።"
"ሞናኮን ልስጥሽ?"
"መሪዎቼን እንጂ እኔን እዚያ ማን ያውቀኛል?"
"ታዲያ ምን ልስጥሽ?"
ካፖርቷን ደረበች፤ አዝራሩን እኔ ነኝ የቆለፍኩላት፣
ጣቷ እምቢ ስላላት።
"ክሩን ስጠኝ፤ ይበቃኛል።"

ክሩን ሰጠኋት።
የመጨረሻው አውቶቡስ ይዟት ሄደ።
ብስኩቱማ አልተመለሰም፤ መንትዮቹ ከፍተውት ነበር።
በርጩማዬን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ስሰቅል
ካርዱን አወጣሁና፣ ከቁጥሩ ጎን፣
በእርሳስ ጻፍኩ፦ "እና አንድ።"