ደጅ ጥናት

ሰፈሩ ፈርሶ፣ ጎረቤት ሁሉ ገላን ሲገባ፣
እሱ ብቻ ቀረ፣ ከዶሮ ማነቂያ ጀርባ፤
በር በሌለው ደጃፍ፣ ፍርስራሽ ላይ ተኝቶ፣
ዝንብ ቁስሉን ወርሶ፣ ሽቦ አንገቱን በልቶ።

«ተወው» አለኝ ጋሽ ሽብሩ፣ የባንኩ ዘበኛ፣
«የእትዬ አስካለ ነው፤ አይሆንህም ጓደኛ።»

ሽቦውን ስቆርጥ ነከሰኝ፤
አምስት መርፌ አስወጋኝ።
ቁስሉን በጨው ውኃ ሳጥብ፣ ሲያጉረመርም፣ ሲፈራ፣
የጠላኝ መስሎኝ ነበር፤ ሕመሙ ነው ሲያወራ።

ቦቢ ስለው፣ መቻል ስለው፣ አንበሳ ስለው፣ እምቢ አለኝ፤
ስም አልቆብኝ፣ ዝም ብዬ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ባልኩኝ
መጥቶ አገጩን እግሬ ላይ ጣለው።
ፈጣሪንም ስንት ዓመት በስም በስሙ ስጠራው፣
ለመምጫው የሚሆን ዝምታ አንድ ቀን ያልሰጠሁት እኔው።

እሁድ ጧት፣ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ከአጥሩ ውጭ እንቆማለን፤
ውሻ አይገባምና።
ከውስጥ ሳለሁ የማስበው የቤት ኪራይ፣ የሰው ሐሜት፤
እዚህ፣ ከነዳያን ጎን፣ «እግዚኦ» አጥንት ድረስ ይሰማል።
የአልዓዛርን ቁስል ማን እንደላሰ፣ ሲነበብ ስንቴ ሰምቼ፣
ዛሬ ገና ገባኝ፣ የአንገቱን ጠባሳ በጣቴ ዳስሼ።

ማታ ማታ ወደዚያው ይጎትተኛል።
አረንጓዴ ቆርቆሮ አጥር። ፊቱ ይቀመጣል።
በር የለም። እትዬ አስካለ የሉም። ይቀመጣል።
እኔ፣ ሰባት ቀን ጸልዬ በስምንተኛው ያኮረፍኩት፣
ሰንሰለቱን ላላ አድርጌ፣ ድንጋዩን ተጋራሁት።

ሲመሽ ያዛጋል፤ ይነሳል፤
ወደ ቤት ይመራኛል።