በላ

ሐዋሳ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከሾላው ጥላ ሥር፣
በገጽ ስልሳ ብር፣
የሰው ዕንባ እቀበላለሁ፤ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ተኩሼ፣
«ጉዳዩ፦» ከሚል ቃል በታች አጥፌ እሰጣለሁ መልሼ።

«ሞተ» አይባልም እኔ ዘንድ፤ ሕይወቱ አለፈ እንጂ።
«ሰረቀ» አይባልም፤ ያለ አግባብ ተጠቀመ እንጂ።
አንዴማ፣ ዐይኗ ሥር የበለዘ አንዲት ሴት መጥታ፣
«በባልና ሚስት መካከል በተነሣ አለመግባባት» ብዬ ጻፍኩላት፤
አመስግናኝ ሄደች፣ በአውራ ጣቷ ፈርማ፣ በአንድ ዐይኗ አይታ።

ባሪቴ ማክሰኞ መጣች፤
የቆሮሶ ቅርፊት በነጠላዋ ጫፍ እንደ ሳንቲም ተለጥፎ፣
የአሞራ ገደል ሽታ ከኋላዋ ተሰልፎ።
ሳትቀመጥ «ጻፍ» አለችኝ። «ሐይቁ ባሌን በላ።
ማኅበሩ ጀልባውን በላ።»
ጠበቅሁ። አልጨመረችም ሌላ።

«እህቴ» አልኳት፣ እንደ አስተማሪ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ ዝቅ አድርጌ፣
«የመጀመሪያው በላ ዘይቤ ነው፤ ሐይቅ ጥርስ የለውም።
ሁለተኛው ስም ማጥፋት ነው፤ ዳኛው አይወደውም።
ላንቃሞ ‹በውኃ አደጋ ሕይወቱ አለፈ› ይባል፤
ጀልባውም ‹ለማኅበሩ ገቢ ሆነ›፤ እንዲህ ይሻላል።»

«አለፈ?» አለች።
«የሚያልፍማ ባጃጅ ነው፤ እጅህን ብታነሣ ይቆማል።
ላንቃሞን ሁለት ሌሊት ከዳር ሆኜ ጠራሁት፤ ማን ይሰማል?
ገቢስ ማለት የገባ ነው፤ ማታ በር የሚከፈትለት፣
ልጆች የሚሮጡለት።
ጀልባችን የት ገባ? ማን ሮጠለት?»

ነፋሱ ከታቦር ወርዶ ወረቀቴን አገላበጠ፤
እኔም ቃሉን አገላበጥኩት፣ እንደ ዓሣ፣ በሁለት ጎኑ።
ዝገት ብረት ይበላል። ብል ጋቢ። ዕዳ ቤት።
መሐላ የበላ አውቃለሁ፤ ከዚሁ ከችሎቱ ወጥቶ
ሻይ የጋበዘኝ።
መዳፌን ሲበላኝ ደግሞ ብር ይመጣል ብዬ እስቃለሁ።
አንድ አፍ፣ ስንት ሆድ!

አጥሩ ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፣ ኮዳውን አንጠልጥሎ፣
ክፍያ እንዳልደረሰው ጠበቃ ዝም ብሎ።

«ሐይቁን አልከስም» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ።
«ስንት ዓመት እኛም በልተነዋል። ልጆቼ ያደጉት በእሱ ነው።
የእሱስ ረኃብ ነው።
እነዚህ ግን ጠግበው በሉ።
ለዚህ ሌላ ቃል ካለህ፣ ጻፈው።»

አልነበረኝም።
ሃያ ሁለት ዓመት ያከማቸሁት የተተኮሰ ቃል ሁሉ
ሲለካ አጠረ፤ ትከሻዋ ላይ አልደረሰም።
እንዳለችው ጻፍኩት። በላ። በላ።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ አነበበች፤
«ሐይቁ ባሌን በላ» የሚለው ላይ ቆማ፣ ፈገግ አለች፤
«ይህ ግጥም ነው» ብላ ሰረዘችው።
«ማኅበሩ ጀልባውን በላ» የሚለውን ግን
ቀና እንኳ ሳትል፣ እንደ ተራ ዐማርኛ፣
ማኅተም መትታ አሳለፈችው።

ባሪቴ ስልሳ ብሯን ቆጥራ ሰጠችኝ፤ እርጥብ ነበር፣ ዓሣ ዓሣ ይላል።
ምሳ በላሁበት።
ይህኛውን በላ
በየትኛው ወገን እንደምጽፈው እስካሁን አላወቅሁም።