ግማሽ ሊትር

ሳምንት ጠፍቶ ከርሞ ውሃ የሚመጣው
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሰፈሩ ሲተኛ፤
ከኔ ቀድመህ ነቅተህ ድምፁን የምትለየው
አንተ ነህ፣ ስንሻው፣ የቧንቧ ሠራተኛ።
«መጀመሪያ አየር ነው» ትላለህ ሲያጓራ፣
«አሁን ሁለተኛ ፎቅ... አሁን እኛ ጋራ።»

ይህን የኮዬ ፈጬ ብሎክ፣ ከመሬት እስከ ጣራ፣
ቧንቧውን ያንተ እጅ ነው የዘረጋው በተራ፤
አንድ መጋጠሚያ እንኳ አላፈሰሰም እስከ ዛሬ።
የተዘጋኸው አንተ ነህ።

«ግማሽ ሊትር ለቀን» አለች ሐኪሟ፣ «ሾርባውም ተቆጥሮ፣
ክኒን መዋጫውም፣ ሻዩም ተጨምሮ።»
ጠዋት በሃይላንድ እሰፍርልሃለሁ፤
ይህ ለምሳ፣ ይህ ለራት፣ በእስክሪብቶ አሰምራለሁ።
ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል የሚሉ
የኛን ባሕር ሳያዩ ነው የተረቱት ሁሉ።
ድንቹን ሁለቴ ቀቅዬ ውሃውን እደፋለሁ፤
ካንተ ጋር አልጫውን በልቼ፣ እነ ብርቄ ቤት ጨው እልሳለሁ።
ይህን አልነገርኩህም።

መበየጃ ማሽንህን ወሰደው አሸብር፣
አጠገብህ ያደገው፣ መፍቻ ሲያቀብል የነበር።
ብሩ ለስድስት እጥበት ሆነ። በሩ ላይ ቆሞ ሲሄድ
«ጋሼ፣ ሲድኑ እመልሳለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።
አንተ በስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ደግመህ ነገርከው፤
ግቢውን ሊወጣ ሲል በመስኮት ጮኸህ አስታወስከው።

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፤
አራት ፎቅ ቁልቁለት፣ በስልክ መብራት።
መውረዱስ ደህና ነው፤ ጉዱ ስትመለስ ነው፦
ማሽኑ አጥቦ ይሰድሃል፣ እንደ ጨርቅ ጨምቆ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትቆማለህ፣ ትንፋሽህ አልቆ።
አንድ ቀን እዚያ ጋ አንድ ዱካ አገኘን፤
ማን እንዳስቀመጠው ማንም አልነገረን።
በፓምፑ መዋጮ ዓመት የተኳረፍከው፣
አቶ ደበላ ነው እኔ የምጠረጥረው።

እሁድ ከሰዓት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብተህ
ብትቆይብኝ ከፈትኩት፤ ዓይንህን ጨፍነህ፣
እንደ ጥጃ ተንበርክከህ፣ ቧንቧውን ትጠባለህ።
ጮህኩብህ። በልጅ ላይ እንኳ እንደዚያ አይጮኽም።
ከመሣሪያ ሳጥንህ መፍቻህን አንሥቼ
ባስተማርከኝ እጄ ቫልቩን ልዘጋው ሄድኩ፤
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዙሩን ሳትኩ።
አልተቆጣህም። ከአገጭህ ውሃ እየተንጠባጠበ
«ወደ ቀኝ» አልከኝ፣ «ወደ ቀኝ ነው የሚዘጋው።»

ሰው «እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ «ደህና ነው፣ ይመስገን»፤
ግን አንድ ጠዋት ነበር፣ ሃይገር ውስጥ ተጠጋግተን፣
ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጎሕ ሲቀድ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣
«ምነው ባለቀ» ያልኩበት። ምን እንዲያልቅ እንደሆነ
ራሴን አልጠየቅኩም።
አንተ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር።

ክንድህን ሲሰፉት፣ ሥርህን ከሥር አጋጥመው፣
«ደህና መጋጠሚያ ነው» አልክ፣ ፋሻው ሲፈታ አይተኸው።
ማታ እጄን እዚያ ላይ አሳርፌ እቆያለሁ።
ዝም ካለ ሮጣችሁ ኑ ብለውናል፤
እና አዳምጣለሁ።
ውሃ ሊመጣ ሲል ቧንቧ እንደሚያደርገው፣
እንደዚያ ይነዝራል።

አሁን መጣ፤ ስምንት ሰዓት። ቫልቩን ወደ ግራ፣ ቀስ፤
ጀሪካኑን አዘንብዬ፣ ጎኑን ታክኮ እንዲፈስ፣
ድምፁን እንዳትሰማው።
አንተ ግን ነቅተሃል።
«ግፊቱ ጥሩ ነው» ትላለህ በጨለማ፣
ከንፈርህን በምላስህ እያራስክ።